የጠፋ ታይትል እንዴት ይወጣል? አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና ለሚሸጥም ለሚገዛም

«ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ጠፍቷል» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ያስመስላል። አንደኛው፣ መኪናው በስሙ ሆኖ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ችግር ነው፤ ቅጽ ሞልቶ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ይገላገላል። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ተቀብሎ ታይትል ያላገኘ ገዢ ችግር ነው። ይኼኛው ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከመኪናው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ሕግ ነው፦ ምትክ ታይትል የሚሰጠው በግዛቱ መዝገብ ላይ ባለቤት ተብሎ ለተጻፈው ሰው ወይም እሱ በሕግ ለወከለው ብቻ ነው። መኪናው ማን ደጅ እንደቆመ፣ ቁልፉ ማን ኪስ እንዳለ ዲኤምቪ (የግዛቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ጉዳዩ አይደለም።

ስለዚህ ገዢ ከሆኑና እስካሁን ካልከፈሉ፣ ሻጩ ምትኩን እስኪያወጣ ይጠብቁ። ሻጭ ከሆኑ ደግሞ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ምትኩን ያውጡ። «ከገዛህ በኋላ ራስህ ታወጣዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ የሚነግርዎት ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ስምዎ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ማውጣት አይችሉም።

መጀመሪያ የትኛው ወረቀት እንደጠፋ ይለዩ

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ነገሩን የሚያወሳስበው ሊብሬን መልመዱ ነው። ሊብሬ የባለቤቱን ስምና የመኪናውን ዝርዝር በአንድ ደብተር ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሥራው ለሁለት ወረቀት ተከፍሏል። በየጊዜው የሚታደሰውና መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ሬጅስትሬሽን መንገድ ላይ ለመንዳት ያስችላል እንጂ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ታይትል ደግሞ አንዴ ወጥቶ የሚቀመጥ፣ ማጭበርበርን ለመከላከል በልዩ ወረቀት የሚታተም፣ ከጀርባው ወይም ከግርጌው የሽያጭ መፈራረሚያ ቦታ ያለው ሰነድ ነው። ሬጅስትሬሽን ካርድ ይዞ «ታይትሉ ይኸው» የሚል ሻጭ ብዙ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የሽያጭ መፈራረሚያ ቦታ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

ቀጥሎ፣ የመጨረሻውን ታይትል የሰጠው ግዛት የትኛው እንደሆነ ይወቁ። ምትክ የሚጠየቀው ከዚያ ግዛት ነው፤ አሁን ከሚኖሩበት ግዛት አይደለም። ቨርጂኒያ እየኖሩ የመኪናው ታይትል የፔንሲልቬንያ ከሆነ ማመልከቻው የሚሄደው ወደ ፔንሲልቬንያው መሥሪያ ቤት ወደ ፔንዶት ነው። ቨርጂኒያ ዲኤምቪ ቀኑን ሙሉ ቢሰለፉ ምትኩን ሊሰጥዎ አይችልም። ታይትል የሚሰጠው ፌደራል መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ መዝገብ ስለሆነ ነው።

የግዛቱን ስም ሻጩ ራሱ ካላስታወሰው ኤንኤምቪቲአይኤስ የሚባለው ብሔራዊ የተሽከርካሪ መዝገብ ያሳያል። በተፈቀደላቸው ድርጅቶች በኩል በትንሽ ክፍያ ሪፖርት ይወጣል። ሪፖርቱ ላይ መኪናው ታይትል ያገኘበት ግዛት፣ ማይሉ፣ ሳልቬጅ (ክፉኛ የተጎዳ) ተብሎ እንደሆነም ያገኛሉ። የባለቤት ስም ግን አይሰጥም። ዲኤምቪም ቢሆን የቀድሞ ባለቤትን ስምና አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ አያወጣም፤ የ1994 የፌደራል ሕግ በሕጉ ከተፈቀዱ ምክንያቶች ውጪ ይከለክለዋል። መኪናው የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን ለማየት ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንስ ድርጅቶች ማኅበር የቪን (የሻንሲ ቁጥር) ፍተሻ በነፃ ይሠራል፤ የሚያሳየው ግን አባል ኢንሹራንሶች ያስገቡትን ብቻ ነው።

ቪኑን ከመኪናው ይቅዱ

ቪን፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥሩ፣ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ፣ እንዲሁም የሾፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሁለቱን ያነጻጽሩ። ካልተመሳሰሉ በሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ የከፋ ነገርም ሊሆን ስለሚችል ሳይጣራ ገንዘብ አያውጡ።

ከ1981 ሞዴል ወዲህ የተሠራ መኪና ቪን 17 ምልክት አለው፤ አንድም አይጨምርም፣ አንድም አይቀንስም። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ ነው የተተዉት። ስለዚህ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው ብለው ይጻፉ። አሥረኛዋ ምልክት የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች፦ 2000 በዋይ፣ ከ2001 እስከ 2009 ያሉት በቁጥር ከ1 እስከ 9፣ 2010 በኤ፣ 2011 በቢ። ኬንታኪ የተሠራች ካምሪ በ«4ቲ1» ትጀምራለች፤ የ2005 ከሆነች አሥረኛዋ ላይ 5 መኖር አለበት። ሻጩ 2007 እያለ ቁጥሩ 5 ካለ እዚያው ቆም ብለው ይጠይቁ። አንዲት የተሳሳተች ምልክት ማመልከቻውን ከነቼኩ ታስመልሳለች።

መኪናው በስምዎ ከሆነ

ቅጹ በየግዛቱ የተለየ ነው። በቨርጂኒያ ቪኤስኤ 67፣ በሜሪላንድ ቪአር-018፣ በኒው ዮርክ ኤምቪ-902፣ በካሊፎርኒያ አርኢጂ 227፣ በቴክሳስ ቪቲአር-34 ይባላል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ቨርጂኒያ 15 ዶላር፣ ኒው ዮርክ 20፣ ቴክሳስ በፖስታ 2 ዶላር፣ በአካል 5.45 ናቸው። ክፍያ ስለሚሻሻል ቼክ ከመጻፍዎ በፊት የግዛቱን ገጽ ይመልከቱ። ቴክሳስ ላይ ሰው የሚሳሳተው በቦታው ነው፦ ታይትል የሚዛወረው በካውንቲው የታክስ ቢሮ ሲሆን፣ የጠፋ ታይትል ቅጂ የሚወጣው ግን ከግዛቱ ዲኤምቪ ሪጅናል ቢሮ ነው። ፍሎሪዳ ደግሞ 10 ዶላር ተጨማሪ ለከፈለ በዚያው ቀን አትሞ በእጅ ይሰጣል። ብዙ ግዛቶች ግን በፖስታ ይልካሉ።

ፖስታ ሲባል፣ ከማመልከትዎ በፊት አድራሻዎን በዲኤምቪ መዝገብ ላይ ያስተካክሉ። ምትኩ የሚላከው መዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ ለፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። የቨርጂኒያ ዲኤምቪ ደብዳቤ ለምሳሌ ወደ አዲስ ቤት ተከትሎ አይመጣም። በቀድሞ አፓርታማው የቀረ ታይትል ደግሞ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ክፍያ ነው።

ታይትሉ ላይ ሁለት ስም ካለ በመካከላቸው ያለችውን ቃል ይመልከቱ። «እና» ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። «ወይም» ከሆነ አንዱ ይበቃል። ምንም ካልተጻፈ ብዙ ግዛቶች እንደ «እና» ይቆጥሩታል። የተፋቱ ባልና ሚስት የሚጣበቁት እዚህ ላይ ነው። የፍቺው ውሳኔ መኪናውን ለአንዱ በግልጽ ከሰጠ የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ ካልሰጠ ፊርማው የግድ ነው።

የስም አጻጻፍ፦ እኛን በተለይ የሚያስመልሰን

የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ከሌላው ሰው ይልቅ በስም ይመለሳል፤ ምክንያቱም በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም። አሜሪካ ሲገባ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም «ላስት ኔም» አድርጎ ያስመዘግባል። ያው ሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት መኪናውን ሲገዛ ሻጩ ሠራተኛ በራሱ ግምት ጽፎት ሊሆን ይችላል። ተስፋዬ የሚለው ስም አንድ ቦታ በዋይ-ኢ፣ ሌላ ቦታ በአይ-ኢ ያልቃል። ጸሐይ ደግሞ አንዱ ጋ በቲ-ኤስ፣ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ ይጀምራል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመዝገቡ ሁለት ሰው ነው።

መፍትሔው ታይትሉ ላይ ያለውን አጻጻፍ እንደነበረ መጠቀምና ልዩነቱን በሰነድ ማገናኘት ነው። ዜግነት ሲያገኙ ስም ቀይረው ከሆነ ከዜግነት ሰርተፊኬቱ ጋር የተሰጠው የስም ለውጥ ውሳኔ ዋናው ድልድይ ነው። ጋብቻ ከሆነ የጋብቻ ሰርተፊኬት። የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ብዙ ቦታ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል በኖታሪ (በፊርማ አረጋጋጭ) ፊት የተፈረመ መግለጫና በቀድሞው አጻጻፍ የወጣ አንድ ሌላ ወረቀት፣ ለምሳሌ የድሮ ሬጅስትሬሽን ወይም ኢንሹራንስ፣ ይቀበላሉ። እነዚህን ይዘው ከሄዱ ምትኩ ሲወጣ ስሙንም አብረው ያስተካክሉ፤ ቨርጂኒያ ይህን «ሰብስቲቲዩት» ብላ በዚያው ቅጽ ታስተናግዳለች። የተሳሳተ ስም ያለው ምትክ ማውጣት ችግሩን ለሽያጩ ቀን ማሳደር ነው።

ብድሩ ያለቀ፣ ሊኑ ግን ያልተነሳ መኪና

አሮጌ መኪና ላይ በብዛት የሚያጋጥመው እንቅፋት ይኼ ነው። መኪናው በ2006 በብድር ተገዝቶ በ2011 ተከፍሎ አልቋል። ባንኩ የመዝጊያ ደብዳቤ ልኳል ወይም አልላከም፤ የግዛቱ መዝገብ ላይ ግን የባንኩ ሊን፣ ማለትም በመኪናው ላይ ያለው የዕዳ መያዣ፣ እስከዛሬ ተቀምጧል። በዚህ ሁኔታ ምትክ ሲጠይቁ ታይትሉ በቀጥታ ለባንኩ ይላካል፣ ወይም ሊኑ ታትሞበት ይወጣል። ሊን ያለበትን ታይትል ደግሞ ማንም አይገዛም።

መጀመሪያ ከባንኩ የሊን መልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው የባንኩ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ሆኖ፣ ሙሉ ቪኑን፣ የመኪናውን ዓመትና ስም፣ የተበዳሪውን ስም፣ ዕዳው ያለቀበትን ቀን፣ የፈረመውን ሠራተኛ ስምና ማዕረግ መያዝ አለበት። ቪን የሌለው «ሂሳብዎ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ አይሠራም። ሲደውሉ የመኪና ብድር ክፍሉን ይጠይቁ፤ ተራው የደንበኞች መስመር ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሂሳብ አይታየኝም ብሎ ይዘጋዎታል።

ባንኩ ራሱ ጠፍቶ ከሆነስ? አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ሳይሆን ተውጦ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሰው ይበደርበት የነበረው ቼቪ ቼዝ ባንክ በ2009 ወደ ካፒታል ዋን ገብቷል፤ ሪግስ ባንክ በ2005 ወደ ፒኤንሲ፤ ዋኮቪያ ወደ ዌልስ ፋርጎ። ጂኤምኤሲ ደግሞ በ2010 ስሙን ወደ አላይ ቀይሯል። መልቀቂያውን የሚሰጠው አሁን ያለው ባንክ ነው። የየትኛውንም ባንክ ታሪክ የባንክ ተቀማጭን በሚያስተማምነው የፌደራል መሥሪያ ቤት በኤፍዲአይሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው «ባንክ ፋይንድ» ማየት ይቻላል። ባንኩ በመንግሥት ተዘግቶ ገዢ ካላገኘ መልቀቂያውን የሚሰጠው ራሱ ኤፍዲአይሲ ነው፤ የታይትሉን ቅጂ ወይም ባንኩ ሊን ያዥ መሆኑን የሚያሳይ የግዛት መዝገብ፣ እንዲሁም ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ የሚመለከተው የክሬዲት ዩኒየኖች ተቆጣጣሪ ኤንሲዩኤ ነው።

ከባዱ፣ በራሱ ብድር የሚሸጥ ትንሽ የመኪና መደብር ተዘግቶ ሲገኝ ነው። ለዚያ ተቀባይ መሥሪያ ቤት የለውም። በመጨረሻው አድራሻው በተረጋገጠ ፖስታ ደብዳቤ ይላኩ፤ ተመልሶ ከመጣ ፖስታውን ሳይከፍቱ ያስቀምጡት። መሞከርዎን ለታይትል ክፍሉ ወይም ለዳኛ የሚያሳየው ያ ያልተከፈተ ፖስታ ነው።

ገዝተው ታይትል ካላገኙ

ሻጩ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ከሆነና ከተገኘ፣ አብራችሁ ቢሮ ሂዱ። እሱ የምትክ ማመልከቻውን ይፈርማል፣ እርስዎ ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ ወረቀቱ ሲወጣ ይፈርምልዎታል። ካሊፎርኒያ ላይ ምትኩንና ዝውውሩን በአንድ አርኢጂ 227 ቅጽ አንድ ላይ መጨረስ ይቻላል። በሌላ ግዛት ምትኩ በፖስታ ወደ ሻጩ ቤት የሚሄድ ከሆነ ከዋጋው የተወሰነውን ይያዙ፤ ቀሪው ታይትሉ ሲመጣ እንደሚከፈል በሽያጭ ውሉ ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ከተቀበለ በኋላ ዲኤምቪ ለመሄድ ጊዜ ያጥረዋል።

ሻጩ አገር ቤት ገብቶ ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ቪኑን ጠርቶ፣ ምትክ ታይትል ለማውጣትና ለማዛወር ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ግዛቱ የራሱ የውክልና ቅጽ ካለው ያንኑ ይጠቀሙ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ የኖታሪ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ሰውየው ፓስፖርቱን ይዞ ይሂድ፤ ወረቀቱን ቤቱ ፈርሞ መሄድ ግን የለበትም፤ ፊርማው በቆንስላው ሹም ፊት መሆን አለበት። ዋናው ወረቀት በዲኤችኤል ወይም በመንገደኛ እጅ ይምጣ፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ዲኤምቪ አይቀበልም።

ማይል ላይ የመኪናው ዕድሜ ለውጥ ያመጣል። በፌደራል ሕግ የ2010 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ሞዴሎች ማይል ከማሳወቅ ግዴታ ነፃ ናቸው፤ ከ2011 ጀምሮ ያሉት ግን ለ20 ዓመት ይገደዳሉ። ስለዚህ ለ2011 ሞዴል እስከ 2031 ተራ ውክልና አይበቃም። ታይትሉ ጠፍቶ ገዢው ለሻጩ ተወካይ ሆኖ ማይሉን የሚሞላ ከሆነ ግዛቱ በልዩ ወረቀት የሚያትመው የውክልና ቅጽ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ላይ አውርደው የሚያትሙት አይደለም።

ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ውክልናው አብሮት ሞቷል። የሚፈርመው ፍርድ ቤት የሾመው የንብረት አስተዳዳሪ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ግዛቶች አነስተኛ ውርስ ሲሆን ወራሾች ያለፍርድ ቤት የሚፈርሙበት የራሳቸው ቅጽ አላቸው። የሞት ሰርተፊኬቱን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘው ይጠይቁ።

በጣም መጥፎው ደግሞ ይኼ ነው፦ የሸጠልዎት ሰው ራሱ ከሌላ ገዝቶ ወደ ስሙ ሳያዛውር ለእርስዎ አሳልፏል። «ታይትል ጃምፒንግ» ይባላል፤ ታክስና ክፍያ ለማምለጥ የሚደረግ ሕገወጥ ሥራ ነው። እሱ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ምትክ ማውጣት አይችልም። የድሮ ሬጅስትሬሽን፣ የኢንስፔክሽን ወረቀት፣ የጥገና ደረሰኝ መኪናው ውስጥ ካለ የእውነተኛውን ባለቤት ስም ከዚያ ያገኛሉ። ሰውዬውን አግኝተው በትሕትና ካስረዱት ብዙዎች ይተባበራሉ፤ መኪናው እስካሁን በስማቸው መሆኑን፣ አደጋና ቅጣት ሲመጣ የሚጠሩት እነሱ መሆናቸውን ሲረዱ።

ባለቤቱ ጨርሶ ካልተገኘ

ብዙ ግዛቶች «ቦንድድ ታይትል»፣ ማለትም በዋስትና የሚወጣ ታይትል፣ ይሰጣሉ። ቴክሳስን ብንወስድ፣ መጀመሪያ በቪቲአር-130-ኤስኦኤፍ ቅጽ ከ15 ዶላር ጋር ያመለክታሉ፤ ከተፈቀደ መኪናው ከተገመተበት ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ዋስትና ይገዛሉ። 4,000 ዶላር የተገመተ መኪና የ6,000 ዶላር ቦንድ ይፈልጋል። ለዋስትና ሰጪው የሚከፍሉት ግን የዚያን ጥቂት እጅ ነው። ሦስት ዓመት ውስጥ የእኔ ነው የሚል ካልመጣ ታይትሉ ላይ ያለው የቦንድ ምልክት ይነሳል። መኪናው የተሰረቀ ወይም ያልተለቀቀ ሊን ያለበት ከሆነ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ቦንድ የማይቀበል ግዛት ውስጥ የሚቀረው በፍርድ ቤት የባለቤትነት ውሳኔ መጠየቅ ነው።

በጣም አሮጌ መኪና ከሆነ ታይትል ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ጆርጂያ የ1985 እና ከዚያ በፊት ላሉ ሞዴሎች፣ ኒው ዮርክ የ1972 እና ከዚያ በፊት ላሉ ታይትል አትሰጥም፤ ሬጅስትሬሽንና የሽያጭ ውል ይበቃሉ።

ሁለት ምክሮችን አይከተሉ። አንደኛው «ቨርሞንት በፖስታ አስመዝግበው» የሚለው ነው። ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ መኪኖች ለዓመታት ይሠራ ነበር፤ ቨርሞንት በ2023 ለውጪ ሰው ዘግታዋለች፤ የቆዩ ቪዲዮዎች ግን አሁንም ያስተምሩታል። ሁለተኛው የጋራዥ ባለቤት ወዳጅ የውሸት የጥገና ዕዳ ጽፎ መኪናውን «እንዲሸጥልዎ» ማድረግ ነው። ይኼ በወንጀል የሚያስጠይቅ ማጭበርበር ነው፤ ለ3,000 ዶላር መኪና የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን አደጋ ላይ አይጣሉ።

ወረቀቱ ሲመጣ

ፖስታውን እንደከፈቱ ቪኑን ምልክት በምልክት ከመኪናው ጋር ያነጻጽሩ፤ ስሙን፣ ማይሉን፣ ሊን አለመኖሩን ይዩ። «ዱፕሊኬት» ወይም «ሰርቲፋይድ ኮፒ» የሚል ታትሞበት ሊመጣ ይችላል፤ ዋጋውን አይቀንሰውም። ምትኩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የድሮው ታይትል ዋጋ የለውም፤ ከሶፋ ሥር ቢገኝ እንኳ በሱ አይሽጡ።

ሲፈራረሙ በጥቁር ወይም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የገዢውን ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጻፉ። ተሳስቶ መሰረዝ ወይም በነጭ ቀለም መሸፈን ታይትሉን ያበላሸዋል፤ ቢሮው ይመልሰዋል፤ ሻጩም እንደገና ሌላ ምትክ ሊያወጣ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርገው መጀመሪያ ኮፒው ላይ መሙላት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ኦሃዮ፣ ኖርዝ ካሮላይናና ፔንሲልቬንያ የሻጩ ፊርማ በኖታሪ ወይም በተፈቀደለት ወኪል ፊት እንዲሆን ስለሚጠይቁ፣ እዚያ ቀድመው ፈርመው አይሂዱ።

ሻጩ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ከሆነ ታርጋውን ፈትቶ ያስቀር፤ ገዢው በሱ አይነዳም። ሽያጩን በዚያው ቀን ለቨርጂኒያ ዲኤምቪ ወይም ለሜሪላንዱ መሥሪያ ቤት ለኤምቪኤ ያሳውቅ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ታርጋውን ከመለሰ በኋላ ብቻ ያቋርጥ። ሜሪላንድ ታርጋ ሳይመለስ ኢንሹራንስ በተቋረጠባቸው ቀናት ልክ ትቀጣለች።